የኢንጂነሩ መፈተጊያ

ይቅር ባይ ሰው አይደለሁም። የሚያውቁኝ ያውቁታል፤ የማያውቁኝም ይህን አንብበው ሲጨርሱ ያውቁታል። የልጄን የክርስትና አባት ሰላም ማለት ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል። በደብራችን ወንዶች በአንድ በር፣ ሴቶች በሌላ በር ይገባሉ፤ እኔም ፊቱን ሳላይ አስቀድሼ እወጣለሁ። «እንዲህ ቂም ይዘሽ ጸሎትሽ እንዴት ይደርሳል?» የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። መድረስ አለመድረሱ የኔና የፈጣሪ ጉዳይ ነው።

ከመንዝ ከተሞች በአንዷ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብረታ ብረት አስተምራለሁ። መጀመሪያ የተመደብኩ ሰሞን ወላጆች ልጆቻቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው «መምህሩ የት አሉ?» ሲሉኝ፣ የብየዳ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ «እኔ ነኝ» እላቸው ነበር። አንዳንዱ ይስቅ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ልጁን ይዞ ወደ ኤሌክትሪክ ክፍል ይሄድ ነበር። አሁን ለምደውኛል፤ የበር ማጠፊያ ሲገነጠል፣ የአልጋ እግር ሲሰበር፣ የውሃ ታንከር ሲያፈስ እኔ ዘንድ ይመጣል። እጄ ብረት ላይ ጎበዝ ነው። ይህን ስናገር ትሕትና አላበዛም፤ ትሕትና ያበዛሁ ጊዜ ምን እንደደረሰብኝ አይቻለሁ።

እናቴ የምትኖረው ቀየት ከሚባለው ቦታ ወረድ ብላ ባለች መንደር ነው። እዚያ ብርዱ ጤፍ አያበቅልም፤ ሰው የሚኖረው በገብስ ነው። ገብስ ደግሞ ግትር እህል ነው፤ ቅርፊቱ ከፍሬው ላይ በቀላሉ አይለቅም። በሶ ወይም ቆሎ ከመሆኑ በፊት መፈተግ አለበት። ረጠብ ታደርጊውና ሙቀጫ ውስጥ ጨምረሽ ቅርፊቱ እስኪለቅ በዘነዘና ትወቅጪዋለሽ፤ ታሰጪዋለሽ፤ በሰፌድ ታበጥሪዋለሽ፤ ያልለቀቀውን መልሰሽ ትወቅጪዋለሽ። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ይፈጫል እንጂ አይፈትግም። ስለዚህ ሞተር በገባበት አገር የእናቴ ትከሻ ሥራ አልፈታም። ከጊዜ በኋላ ቀኝ ክንዷ ወደ ላይ አልነሳ አለ። ስታማትብ በግራ እጇ ክርኗን ደግፋ ወደ ግንባሯ ስታደርስ አየሁ። ያን ዕለት ነው ነገሩን ማሰብ የጀመርኩት።

ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። ባዶ የዘይት በርሜል በብረት እግር ላይ ታጋድሚያለሽ፤ መሐሉን በዘንግ ትወጊውና ዳር ላይ የሚዞር እጀታ ትገጥሚለታለሽ። በውስጡ ያረጀ የመኪና ጎማ ቆርጠሽ ታነጥፊያለሽ። ገብሱ ከጎማው ጋርና እርስ በርሱ እየታሸ ቅርፊቱን ይጥላል። በቃ ይኸው ነው። ግን ይህን «በቃ» ለማግኘት ቅዳሜና እሑዴን ሁሉ ወርክሾፕ ውስጥ ጨረስኩ። ጎማውን ቀጥ አድርጌ ሳነጥፈው ፍሬው በጎማውና በጎማው መገጣጠሚያ እየተነከሰ ይሰበራል። ፍትግ ፈልጌ ቅንጬ ይወጣልኛል። ቤታችን ስንት ሳምንት ቅንጬ ስንበላ ከረምን፤ ባለቤቴ «ይቺ ማሽን አንድ ነገር ብቻ ነው የምታውቀው» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

አንድ ቀን ጎማውን በሰያፍ ቆርጬ፣ በመሐሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እየተውኩ አነጠፍኩት። ገብሱ መነከሱን ትቶ በሰያፉ መንሸራተት ጀመረ። በርሜሉን ከፍቼ እጄን ሳስገባ ፍሬው ሙሉ፣ ነጭና ለስላሳ ነበር። ብቻዬን ነበርኩና ብቻዬን እልል አልኩ። የጥበቃው ሽማግሌ ምን ነካት ብለው በመስኮት አዩኝ።

አሁን ወደ አበልጄ ልምጣ። የልጄን ክርስትና ያነሳው የከተማችን ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ደብረ ብርሃን ሥራ ይዞ ነበር። ሰው ሁሉ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ እናቱ እንኳ በስሙ አትጠራውም። አንደበቱ ጥሩ ነው፤ ሸሚዙ አይጨማደድም። እኔም እወደው ነበር፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። የፈጠራ ሥራ አዲስ አበባ ይመዘገባል፤ ምስክር ወረቀት ይሰጥበታል፤ ከዚያ ማንም ያለ ፈቃድ አይሠራውም ሲባል ሰምቻለሁ። ለዚያ ደግሞ በኮምፒዩተር የተሠራ ንድፍ ያስፈልጋል። ንድፍ ከሱ ሌላ ማን ይሠራልኛል?

መጥቶ አየው፤ ሐሳቡ ከእናቴ ክንድና ከማማተቧ እንደመጣልኝም አጫወትኩት። በርሜሉን ለካ፣ እጀታውን ለካ፣ ፎቶ አነሳ። የጎማውን ነገር ሳስረዳው ግን ስልኩን ይነካካ ነበር። «ጎማውን በሰያፍ ካላነጠፍከው ይሰብራል፤ ልብ አድርግ» ስለው፣ ቀና ሳይል «እሺ አበልጄ፣ ገባኝ» አለኝ። ምንም አልገባውም። ውስጡን ጎንበስ ብሎ አላየም፤ ሸሚዙ ዘይት እንዳይነካው ነው። «ማስመዝገቡን ለኔ ተይልኝ፤ አንቺ መንገዱን አታውቂውም» አለ። ተውኩለት። አበልጅ አይደል?

በዚህ መሐል እናቴ የራሷን ትእዛዝ አወጣች። መፈተጊያውን ልወስድላት ስዘጋጅ «እኔ ቤት አይገባም» አለች።

«ለምን እማዬ? ለማን ብዬ ነው የሠራሁት?»

«በኩራቱ የደብሩ ነው። አዲስ እሸት ሳይቀደስ ይበላል እንዴ? የመጀመሪያ ሥራውን ለንግሡ ጸበል ጸዲቅ ይሥራ። ከዚያ በኋላ ለኔ ሌላ ትሠሪልኛለሽ።»

«እማዬ፣ ይሄ ብረት ነው፤ እሸት አይደለም።»

«ያሰበሽው በማን አእምሮ ነው? አእምሮውን ማን ሰጠሽ?»

እሺ አልኳት። በንግሡ ዋዜማ መፈተጊያውን በአይሱዙ አስጭኜ ደጀ ሰላሙ በር ላይ አቆምኩት። ለድግሱ ገብስ ሊፈትጉ ሙቀጫቸውን አሸክመው የመጡ ሴቶች ከበቡት። ደብሩ ሙሉ እያየ ገብሱ ገባ፣ እጀታው ዞረ፣ ፍትጉ ወጣ። እልልታው ከታቦት መውጫ አያንስም ነበር። እኔም ልቤ አብጦ ቁራጭ ጎማ ከፍ አድርጌ ይዤ «በውስጡ ያለው ይሄ ነው! የመኪና ጎማ ነው!» እያልኩ ለሕዝቡ አስረዳሁ። አበልጄም ነጠላውን አጣፍቶ በተራው እጀታውን አዞረ። ከዲያቆናቱ አንዱ ይህን ሁሉ በስልኩ ቀርጾ በደብሩ የቴሌግራም ገጽ ላይ ለጠፈው። በዚያ ግቢ ከቆመው ሰው ሁሉ የፈጠራ ሕግ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ኢንጂነሩም ቢሆን አያውቅም ነበር።

ያ መፈተጊያ በዚያው ለደብሩ ቀረ። ለእናቴ ሌላ ሠራሁላት። ስለ ምዝገባው ኢንጂነሩን ስጠይቀው «እየተሠራበት ነው» ይለኛል። ክረምቱ አለፈ፤ ደግሞ ሌላ ክረምት ገባ፤ «እየተሠራበት ነው»። እኔም ሰው አላስቸግርም ብዬ ዝም አልኩ።

ከዕለታት አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ በቴሌቪዥን ብቅ አለ። ከጎኑ መፈተጊያዬ ቆማለች፤ አረንጓዴ ቀለም ተቀብታለች። ጋዜጠኛው «የገብስ መፈተጊያ ማሽን ፈጣሪ» ብሎ አስተዋወቀው። ምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ደረቱ ላይ ይዞታል። ሐሳቡ እንዴት እንደመጣለት ተጠየቀ። «እናቴ ናት» አለ፤ ድምፁን ቀነስ አድርጎ። «እናቴ ገብስ ስትፈትግ ትከሻዋ ታሞ፣ ስታማትብ እንኳ በግራ እጇ ቀኟን ስትደግፍ አየሁ።»

እናቱ ከተማ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት። ዘነዘና ጨብጣ አታውቅም። ሌባ አይቻለሁ፤ መዶሻ የሰረቀኝ አለ፤ የብየዳ ሽቦ የሰረቀኝ አለ። ይሄ ግን እናቴን ጭምር ነው የሰረቀኝ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ መፈተጊያዋን ያውቋታልና ወደኔ ዞሩ። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ያዘንኩ መስሏት አንዷ ጓደኛዬ አቀፈችኝ። ሐዘን አልነበረም። ደሜ ፈልቶ ነው።

ደወልኩለት። እስኪያነሳ ድረስ ደወልኩ።

«አበልጄ፣ አትቆጪ» አለኝ። «አንቺ የሠራሽው በርሜል ነው። ፈጠራ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ንድፉ የኔ ነው፣ ማመልከቻው የኔ ነው፣ የተመላለስኩት እኔ ነኝ። አንቺ ጋ ቢቀር እኮ ደጀ ሰላም ዝጎ ነበር የሚቀረው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያንን መስታወት ከደረቱ ላይ እንዴት እንደማወርደው።

ወሬው ተሰማና በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ መጣ። የንስሐ አባታችንና ሁለት የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። አንደኛው ሽማግሌ ጓሳን፣ በየጊዜው እየተዘጋ የሚጠበቀውን የአገሩን የሣር መሬት፣ ከሚጠብቁት የኮሚቴ አባላት አንዱ ናቸው። ወንበር አወጣሁ፣ ጠላ ቀዳሁ፣ ቆሜ አዳመጥኩ።

«ልጄ፣ አበልጅነት ከሥጋ ዝምድና ይበልጣል» አሉ የንስሐ አባቴ። «ልጁ ተጸጽቷል። ስምሽን ከስሙ ቀጥሎ በወረቀቱ ላይ ሊያስገባልሽ ቃል ገብቷል። ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።»

«ከስሙ ቀጥሎ፣ አባ?»

«ምን ችግር አለው? ፊትና ኋላ መሆን ምንድን ነው?»

ወደ ጓሳው ሽማግሌ ዞርኩ። «አባቴ፣ እርስዎን ልጠይቅ። ጓሳ ተዘግቶ ሳለ በጉም ተሸሽጎ ገብቶ ሣር ያጨደ ሰው ቢያዝ ምን ያደርጉታል?»

«ይቀጣል እንጂ!»

«‹ካጨድከው ግማሹን ስጥና ታረቅ› ይሉታል?»

«ኧረ ወዲያ! እንዲያማ ከሆነ ጓሳ የሚባል ይቀራል?»

«የኔስ ሐሳብ ከሣር ያንሳል?»

ሽማግሌው ጠላቸውን አነሱ። ለቤት ክዳን የሚሆን ሣር ይህን ያህል ዘመን በሥርዓት ያስጠበቀ አገር፣ የሰው ሐሳብ ሲታጨድ «ታረቁ» ይላል። የንስሐ አባቴ ሲወጡ መስቀላቸውን አሳለሙኝና «ቂም ይዘሽ ቁርባን የለም» አሉኝ። «አውቃለሁ አባ» አልኳቸው። እስከ ዛሬም አልቆረብኩም።

ዲያቆኑ የለጠፈውን ቪዲዮ ይዤ አዲስ አበባ ወረድኩ። ፈጠራ የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት ወጣት ባለሙያ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየችው፤ የተለጠፈበትን ቀንም አየች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«እርስዎ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» አለችኝ። «መብቱ ወደ እርስዎ እንዲዛወር ነው ወይስ የሱ እንዲሰረዝ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እንዲዛወርልዎ ከፈለጉ እውነተኛዋ ሠሪ እርስዎ መሆንዎን በምስክር ማሳየት አለብዎት። ይከራከራል፤ ጊዜ ይወስዳል፤ ሊያሸንፉ ይችላሉ። ግን ይህን ቪዲዮ በማስረጃነት ካቀረቡት ነገሩ ይለወጣል። ማመልከቻው ከመግባቱ ከዓመት በላይ ቀድሞ ሥራው በአደባባይ ታይቷል ማለት ነው። በሕጉ አዲስ አይባልም። የሱ ይሰረዛል፤ እርስዎም ደግሞ ከእንግዲህ ሊያስመዘግቡት አይችሉም። የማንም አይሆንም። የፈለገ ሁሉ ይሠራዋል።»

እናቴ በኩራቱን ለደብሩ ባትሰጥ ኖሮ ነገሩ የተለየ ይሆን ነበር። ያን ዕለት ግን በእናቴ አልተናደድኩም። እንዲያውም ባረክኳት። ቪዲዮውን ደብቄ ለስሜ መከራከር እችል ነበር። ስሜን ላገኝ እችል ነበር። ይህን አሁን ስጽፍም በደንብ ይገባኛል። ግን በክርክር ሲጎተት፣ በቀጠሮ ሲጎተት ያ ሰው መስታወቱን ደረቱ ላይ ይዞ በየቴሌቪዥኑ ሲዞር ማየት ነበረብኝ። አልቻልኩም። «ይሰረዝ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት? ያስቡበት።»

«አስቤበታለሁ። የማንም ይሁን።»

ነገሩ የታየበት ዕለት ኢንጂነሩ ጠበቃ ይዞ መጣ። ያው የማይጨማደድ ሸሚዝ። ቪዲዮው በሰፊው ስክሪን ሲከፈት ዓይኔን ከሱ ላይ አልነቀልኩም። እልልታው ክፍሉን ሞላው። እኔ ጎማውን ከፍ አድርጌ ስለፈልፍ ታየሁ። ቀጥሎ እሱ ራሱ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከሴቶቹ ጋር እየሳቀ እጀታውን ሲያዞር ታየ። «እኚህ ደንበኛዎ ናቸው?» ተብሎ ጠበቃው ተጠየቀ። ጠበቃው ወደሱ ዞረ። እሱ ወደ መሬት አየ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በሕይወቴ ብዙ ደስ ያለኝ ቀን አለ፤ ተድሬያለሁ፣ ወልጃለሁ፤ የዚያን ቀኑን የመሰለ ግን አላስታውስም።

ተሰረዘ። ማሽኑን ሊያመርትለት የተዋዋለው ድርጅት ወዲያው ተወው። ውሳኔው ከተነገረን በኋላ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።

«ምን አገኘሽ አበልጄ? አንቺም እኮ አጣሽው!»

«አንተ አጣኸው» አልኩት። «ይበቃኛል።»

ሞላሌ ከተማ የሚገኙ በያጆች ንድፉ ቀድሞውኑ በእጃቸው ነበር፤ ለናሙና ብሎ የሰጣቸው ኢንጂነሩ ራሱ ነው። የማንም ሆኗል ሲባል ሁሉም መሥራት ጀመረ። ሞላሌ ገበያ ላይ አረንጓዴ በርሜሎች ተደረደሩ። ሄጄ በአንዱ አፍ አጮለቅኩ። ጎማው ቀጥ ብሎ፣ ያለ ክፍተት ተነጥፏል። ኢንጂነሩ ስልኩን ሲነካካ ስለ ሰያፉ የነገርኩትን አልሰማምና በንድፉ ላይ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ነው የሳለው።

ከዚያ የሆነውን ገበያውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። በጓን ሸጣ መፈተጊያ የገዛች ሁሉ ገብሷን አስገብታ ቅንጬ አወጣች። ለተዝካር ያዘጋጀችው እህል የተሰባበረባት አለች፤ ለንግሥ የያዘችውን ያበላሸባት አለች። ሴቶቹ በያጆቹ ላይ ሲጮኹ በያጆቹ «እኛ ምን እናድርግ፣ ንድፉ የኢንጂነሩ ነው» አሉ። እንዲህ ሆኖ የማሽኑ ስም ወጣ፤ የኢንጂነሩ መፈተጊያ ተባለ። «የኢንጂነሩ ሰበረብኝ»፣ «እግዜር ይየው ኢንጂነሩን» የሚል እርግማን ከሞላሌ እስከ ጓሳ ተሰማ።

እኔም ስሙን ከማንም በላይ አስፋፋሁት። «የርስዎ ሥራ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» ብለው ኮሌጅ ድረስ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። «ኧረ በፍጹም! የኢንጂነሩ ነው» እላቸው ነበር። ታክሲ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ወሬው ከተነሳ «የኢንጂነሩ» ብዬ አርማለሁ። ተማሪዎቼን ሳይቀር «የኢንጂነሩ መፈተጊያ ስህተቱ ምንድን ነው?» እያልኩ እጠይቃለሁ፤ መልሱን ግን አልነግራቸውም። ጎማውን በሰያፍ አነጥፉት የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚያስፈልገው። ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ሕግ ካልጠበቀልኝ አፌን ዘግቼ እጠብቀዋለሁ አልኩ።

አንድ እሑድ እናቴ ቤት ስደርስ ጎረቤቷ በሰፌድ የተሰባበረ ገብስ ይዘው ተቀምጠዋል። ከእናቴ ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ሙቀጫ ላይ የፈተጉ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ አንቺ ብረት ታውቂያለሽ» አሉኝ። «የኔዋ ምኗ ነው የጎደለ?»

«ኢንጂነሩን ይጠይቁት፣ እማማ።»

«እሱን የት አገኘዋለሁ?»

«እንጃ።»

ሴትዮዋ ሰፌዳቸውን ይዘው ወጡ። እናቴ «ይቺ ሴት ምን አደረገችሽ?» ብቻ አለችኝ። «እሷ ምንም አላደረገችም» አልኳት። «ታዲያ?» አለችኝ። እናቴ እሳቱን ቆሰቆሰች። 

በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ መፈተጊያዋ ከቦታዋ የለችም። «የት ሄደች?» ስላት «ሞላሌ ልኬያታለሁ» አለችኝ፤ በግ የላከች ያህል። የገባኝ ሞላሌ ስደርስ ነው። መፈተጊያዋ በያጆቹ ደጅ መሬት ላይ ተኝታለች፤ ሆዷ በመቁረጫ ተከፍቶ በሰያፍ ያነጠፍኩት ጎማ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሦስት በያጆች ጎንበስ ብለው ክፍተቱን በጣታቸው ይለካሉ። «እናትዎ ናቸው የላኩልን» አለ አንዱ ደስ ብሎት። «‹ክፈቱና እዩ፣ ለሰዉ አስተካክሉለት› ብለውን ነው።» መዶሻ አንስቼ በርሜሉን እስኪጨማደድ ልደበድበው ምንም አልቀረኝም ነበር። ማንን እንደምደበድብ ግን አላወቅኩም። ተመልሼ መኪና ተሳፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሞላሌ የሚሠራው መፈተጊያ አይሰብርም። ሰው ሁሉ የድሮውን ይዞ እየመጣ አስተካከለ። እርግማኑ ቀረ። ስሙ ግን አልቀረም።

በቀደም ከእናቴ ጋር ገበያ ወርደን ነበር። አንዲት ሴት አዲስ መፈተጊያ በአህያ አስጭና እኛ አጠገብ ቆመች። ጭነቱ ተዘንብሎ ስለነበር ገመዱን አጠበቅኩላት። አመሰገነችኝ።

«እንዲያው ይሄ ሰውዬ ከየት ተላከልን?» አለች በርሜሉን መታ መታ እያደረገች። «እህቴ አላት፤ ክንዷን ነው የመለሰላት። እግዚአብሔር ለኢንጂነሩ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን!»

«አሜን» አለች እናቴ።

ዞሬ አየኋት። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤ አላየችኝም። ሴትዮዋ የኔንም አሜን ትጠብቅ ነበር። አፌ አልከፈት ሲል ጊዜ ፊቴን አየችኝ።

«ምነው እትዬ» አለችኝ፤ «ያውቁታል እንዴ ኢንጂነሩን?»